እማዬን የምወስድበት ርካሽ የፎ ቤት ጠቁሙኝ (ቨርጂኒያ፣ የጾም ያለው)

ሰብለ_አርሊንግተን
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ከአዲስ አበባ መጥታ እኔ ጋ ናት፤ ሦስተኛ ሳምንቷን ይዛለች። ብርዱን ሳትለምደው ጉንፋን ጣላት። አጥሚት ሠራሁላት፣ ዝንጅብል አፈላሁላት። እሷ ግን "ጉሮሮዬን የሚያርሰው ትኩስ መረቅ ነው" ትላለች። ያለነው ደግሞ የነቢያት ጾም ላይ ነው። ቅቅል አይታሰብም።

እኔ በፍስክ ጊዜ የሌሊት ሺፍት ጨርሼ ስወጣ ፎ (የቬትናሞቹ የሩዝ ኑድል ያለበት ትኩስ መረቅ) ቤት ጎራ እላለሁ። ያን ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ታቅፌ ስቀመጥ ነፍሴ መለስ ትላለች። እሷንም ልውሰዳት ብዬ አሰብኩ። ግን ሁሌ የምበላው የበሬውን ስለሆነ የጾሙን አላውቀውም።

ስለዚህ እርዱኝ። እውነተኛ የጾም ፎ የት አለ? ደግሞ ውድ እንዳይሆን። ዋጋውን ወደ ብር ትመነዝርና "ይሄ አይወርድልኝም" ብላ ማንኪያውን ታስቀምጣለች። ደረጃ የሌለው ቤት ቢሆንም ደስ ይለኛል፤ ጉልበቷን ያማታል።

የካሳንቺስ_ልጅ
ኤደን ሴንተር። ፎልስ ቸርች፣ ሰቨን ኮርነርስ፣ ዊልሰን ቡሌቫርድ ላይ። በሩ ላይ የድንጋይ አንበሶች አሉ፣ አትስችውም። ከመቶ በላይ የቬትናም ሱቅና ምግብ ቤት አንድ ግቢ ውስጥ ነው። ቅዳሜና እሁድ መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ስትዞሪ ትውያለሽ፣ በሥራ ቀን ሂጂ።

ሃና_ዘ_አሌክሳንድሪያ
ሰብልዬ፣ እናትሽን እግዚአብሔር ይማርልሽ። አንድ አደራ አለኝ። "የአትክልት ፎ" የሚል ስላየሽ ብቻ እንዳታዢ።

ባለፈው ዓቢይ ጾም አንድ ቤት ገባሁ (ስሙን አልጠራም)። ቶፉ፣ ካሮትና ብሮኮሊ የሞላበት ሳህን መጣልኝ። ሁለት ማንኪያ እንደወሰድኩ የአጥንት ጣዕም አፌ ውስጥ ቀረ። አስተናጋጇን ስጠይቃት "አትክልቱ አትክልት ነው፣ መረቁ ግን የበሬው ነው" አለችኝ። አልዋሸችኝም፤ እኔ ነኝ ቀድሜ ያልጠየቅኩት። ያን ቀን ከፍዬ ሳልበላ ወጣሁ። በጣም ከፋኝ፣ ምክንያቱም ሦስት ሳምንት ሙሉ በጥንቃቄ ነበር የጾምኩት።

ከዚያ በኋላ አንድ ቃል ተማርኩ። "ቻይ"። በቬትናምኛ ሥጋም ዓሣም የሌለው ምግብ ማለት ነው። በኛ ቋንቋ ቻይ ታጋሽ ስለሆነ መቼም አይጠፋሽም። "ፎ ቻይ" ብለሽ እዘዢ። ከዚያም ሁለት ነገር ጠይቂ። መረቁ ራሱ ቻይ ነው ወይ? የዓሣ ሶስ ገብቶበታል ወይ? የዓሣው ሶስ ከትንንሽ ዓሣና ከጨው ለወራት ተቀምጦ የሚጣራ ፈሳሽ ነው። እነሱ ጓዳ ውስጥ ልክ እንደ ጨው ነው የሚይዙት፤ ካልጠየቅሽ በእጃቸው ልማድ ጠብ ያደርጉታል። እናትሽ ዓሣ የማይበሉ ከሆነ ይህን አትርሺ።

ሰብለ_አርሊንግተን
ሃንዬ ተባረኪ። ዓሣ አትበላም። እስከ 6 ሰዓትም ትጾማለች። ታመሻል ብላት "ጉንፋን ሕመም ነው እንዴ" ነው መልሷ።

ሃና_ዘ_አሌክሳንድሪያ
እንግዲያው ከ7 ሰዓት በኋላ ውሰጃቸው፤ የምሳ ሰው ሄዶ ቤቱ ረገብ ይላል። እና ደግሞ ቻይን የሚያውቅ ቤት ምረጪ። ቬትናሞች ዘንድ ብዙ የቡድሃ እምነት ተከታዮች በጨረቃ ወር 1ኛውና 15ኛው ቀን ሥጋ አይበሉም። እንደኛ ረቡዕና ዓርብ አድርገሽ ቁጠሪው። የቤቱ ባለቤት እራሱ የሚጾም ከሆነ ስትጠይቂው ፊቱ ይፈታል፤ ምን እንደምትፈሪ ይገባዋል።

ፉአድ_ኤም
እግረ መንገዴን እኔም ልጠይቅ። እኛ የምንበላው ሐላል ነው። ፎ ውስጥ አሳማ አለ?

የመረቅ_ጠባቂ
ፉአድ ወንድሜ፣ የበሬ ፎ መረቁ አብዛኛውን ጊዜ የበሬ አጥንት ነው፣ አሳማ አይገባበትም፤ ቢሆንም ጠይቅ። የዶሮውም አብዛኛውን ጊዜ የዶሮ ብቻ ነው። ግን ያው ኩሽና ውስጥ አሳማ አለ። የተጠቀለለው ጥብስ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ አሳማ ነው። ሳንድዊቹም እንደዚያው። በተረፈ የሥጋው አስተራረድ የተለየ ጥያቄ ስለሆነ ሐላል ብለው የጻፉ ቤቶችን መፈለግ ነው የሚሻለው። የኛ ክርስቲያኖችም አሳማ ስለማይበሉ ይህን ልብ በሉ፤ ፎውን አዝዛችሁ ጥቅሉን ዝም ብላችሁ አትጨምሩ።

ጋሽ_ተስፋ
ልጄ ሰብለ፣ እናትሽን ይማርልሽ። አንድ ነገር ልጨምር፣ ቢረዝምም ታገሡኝ።

እኔ እዚህ አገር የገባሁት በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የቬትናሞቹ ሰፈር ኤደን ሴንተር አልነበረም። አርሊንግተን፣ ክላረንደን ነበር። የደቡብ ቬትናም ዋና ከተማ ሳይጎን በ1975 ስትወድቅ የተሰደዱት ሰዎች እዚያ ሱቅ ከፈቱ። ለሜትሮው መንገዱ ተቆፋፍሮ ስለነበር ኪራዩ ርካሽ ነበር። ባቡሩ በ1979 ሥራ ጀመረ። ከዚያ ኪራዩ መውጣት ያዘ፣ እነሱም አንድ በአንድ ለቀቁ። በ1984 ኤደን ሴንተር ተከፈተና ብዙዎቹ ወደዚያ ገቡ። የሰዓት ማማውን አይታችሁ ይሆናል። ሳይጎን ያለውን የቤን ታን ገበያ አምሳል አድርገው ነው የሠሩት። ባንዲራውም ያ የወደቀው አገር ባንዲራ ነው፤ ቢጫ ሆኖ ሦስት ቀይ መስመር ያለው። አገሩ የለም፣ ባንዲራው ግን ፎልስ ቸርች ላይ ይውለበለባል። ይህን ስመለከት ሁሌ ዝም እላለሁ።

የኛም ነገር ከዚህ የራቀ አይደለም። የኛ ምግብ ቤቶች መጀመሪያ አዳምስ ሞርገን 18ኛው ጎዳና ላይ ነበሩ። ኪራዩ ሲወጣ ወደ ዩ ስትሪት ሄድን። እዚያም ሲወጣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ። ዛሬ ስካይላይን ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ካሉት የኛ ሱቆች ተነስተሽ ኤደን ሴንተር በመኪና ጥቂት ደቂቃ ነው። ሁለታችንም በኪራይ ተገፍተን ጎረቤት ሆንን።

እኔ ያኔ ሳህን አጥብ ነበር። አጠገቤ የሚያጥበው ቬትናማዊ ነበር። እንግሊዝኛ ሁለታችንም አንችልም። ደመወዝ ቀን አንድ ቤት ወሰደኝና መጀመሪያ ፎ የበላሁት ያን ቀን ነው። ገንዘቡን እኔ ልክፈል ብል እጄን ያዘኝ። በሚቀጥለው ደመወዝ እኔ እንጀራ ቤት ወሰድኩት። አንድ ዓመት ያህል እንዲህ ተፈራረቅን።

ፎ 75 የሚባልም አለ፣ ዊልሰን ቡሌቫርድ ላይ በ1985 የተከፈተ ቤት ነው። ቁጥሩ ያ የስደት ዓመት ነው። ረጃጅም ጠረጴዛ ላይ ከማታውቂው ሰው ጎን ትቀመጫለሽ፣ ምግቡ በቁጥር ነው የሚታዘዘው። ለዓመታት ካሽ ብቻ ነበር የሚቀበሉት። ግን የበሬ ቤት ስለሆነ ለፍስክ አቆዪው።

የካሳንቺስ_ልጅ
ጋሼ እግዜር ይስጥልን። ይህን ሁሉ ዓመት በዚያ ማማ ሥር ሳልፍ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ፊደል_ወዳድ
ስለ አጠራሩ ትንሽ ልበል። ፈረንጆቹ "ፎ" ይላሉ፣ እኛም ከነሱ ወስደን ፎ እንላለን። ቬትናሞቹ ሲሉት ግን ጆሮ ሰጥታችሁ ስሙ። አናባቢው የኛን ግዕዝ ነው የሚመስለው፤ "ፈ" ነው። ዝቅ ይልና ጥያቄ እንደሚጠይቅ ሰው መልሶ ከፍ ይላል። "ፈ ፉ ፊ" ብሎ ያደገ ሰው አፉ ላይ አለ። እኔ እንደዚያ ብዬ ሳዝ የቤቱ ባለቤት ከመደርደሪያው ጀርባ ወጥታ "ማን አስተማረህ?" አለችኝ።

ትዕግሥት_22
እኔ ግን እውነቱን ልናገር? ፎ ከቅቅል አይበልጥም። ይጣፍጣል፣ ስኳር አለው። መረቅ ውስጥ ስኳር አልቀበልም።

የመረቅ_ጠባቂ
ትዕግሥት፣ ስኳር አለው፣ ልክ ነሽ። ግን ትንሽ ነው፤ አብዛኛው ጣፋጭነት ከአጥንቱና ከተጠበሰው ሽንኩርት ነው የሚመጣው። ነገሩን ላስረዳ፣ ምክንያቱም እኔ አራት ዓመት የፎ ቤት ኩሽና ውስጥ ሠርቻለሁ። መጀመሪያ ሳህን አጣቢ ሆኜ፣ ኋላ ሌሊት መረቅ ጠባቂ።

አጥንቱ የእግርና የቅልጥም ነው። ቀድሞ ውሃ ውስጥ ይዘፈዘፋል። ከዚያ ዐሥር ደቂቃ ያህል ይንተከተክና ያ ውሃ እንዳለ ይደፋል። አጥንቱ አንድ በአንድ ይታጠባል። ዶሮ በሎሚና በጨው ደጋግማ የምታጥብ እናት ያሳደገችው ሰው "ለምን?" ብሎ አይጠይቅም። እኔ አልጠየቅኩም፤ ሼፉም በዚያ ነው የወደደኝ።

ሽንኩርቱና ዝንጅብሉ ከነልጣጫቸው እሳት ላይ ይጣዳሉ፣ ውጪያቸው እስኪጠቁር። ያረረው ይፋቅና ድስቱ ውስጥ ይገባል። ቀረፋ፣ ቅርንፉድ፣ የድንብላል ፍሬ፣ የኮረሪማ ዘመድ የሆነ ትልቅ ጥቁር ሄል፣ እና ያቺ ኮከብ የምትመስል ቅመም (ስታር አኒስ) ደረቁን ታመስ ይደረጉና በጨርቅ ታስረው ይጨመራሉ። ከዚያ ዐሥር፣ ዐሥራ ሁለት ሰዓት በቀዝቃዛ እሳት። አይፈላም። እንዲህ ብልጭ ብልጭ ይላል እንጂ። ከፈላ ይደፈርሳል፤ ከደፈረሰ ሼፉ ፊቱ ይጠቁራል። ሌሊቱን ሙሉ ሥራዬ አረፋውን መግፈፍና እሳቱን ማየት ነበር።

ርካሽ የሆነው ዝቅ ያለ ምግብ ስለሆነ አይደለም። አጥንት ርካሽ ነው። አንድ ድስት መቶ ሰው ያበላል። የምግቡ ዓይነት ጥቂት ስለሆነ የሚጣል ነገር የለም። ደንበኛው በሃያ ደቂቃ በልቶ ይነሳል፣ ወንበሩ ሌላ ሰው ይይዘዋል። ውድ የሆነው ጊዜው ነው፣ እሱን ደግሞ ሌሊት የሚያድረው ሰው ነው የሚከፍለው። ስለዚህ እባካችሁ፣ ሳህኑ እንደቀረበ ስሪራቻ የሚሉትን ቀይ የሚያቃጥል ሶስና ጥቁሩን ሶስ አትድፉበት። መጀመሪያ መረቁን ብቻውን በማንኪያ ቅመሱት። ሰው ቤት ተጋብዞ ወጡን ሳይቀምስ ጨው የሚነሰንስ እንግዳ አለ? ከቀመሳችሁ በኋላ እንደወደዳችሁ አድርጉት።

ጎን ለጎን የሚመጣው ሳህን ላይ የማሾ ቡቃያ፣ ሎሚ፣ ቃሪያና የበሶብላ ዘመድ የሆነ ቅጠል አለ። ይህ የደቡቡ ልማድ ነው። ፎ የተወለደው ሰሜን ነው፣ ሃኖይና ናም ዲን አካባቢ፣ በፈረንሳይ ዘመን። አገሪቱ በ1954 ለሁለት ስትከፈል ብዙ የሰሜን ሰው ወደ ደቡብ ወረደና ፎውን ይዞት ሄደ። ደቡብ ቅጠሉም ጣፋጩም በዛ። እዚህ አሜሪካ የምንበላው አብዛኛው ያ የደቡቡ ነው። ትዕግሥት፣ ጣፋጩን ካልወደድሽ የሰሜኑን አሠራር የሚከተል ቤት ፈልጊ። ከቅቅል ጋር ትስማማላችሁ።

ትዕግሥት_22
እሺ፣ ይህን እሞክራለሁ። የዚያ ሌሊት ነገር ልቤን ነካው።

ዮናስ_ሌሊት_ሾፌር
ጾሙ ሲፈታ ግን ምን ልዘዝ? ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈው፣ ሁሌ 1 ቁጥር እላለሁ።

የመረቅ_ጠባቂ
ዮኒ፣ ስሞቹ ጥቂት ናቸው፣ ያዛቸው። "ታይ" ጥሬው ስስ ሥጋ ነው። ትኩሱ መረቅ ሲነካው ለብለብ ይሆናል። ክትፎ ለብለብ የምትወድ ከሆነ እሱ ያንተ ነው። ጥሬውን ከወደድክ ደግሞ "ሥጋውን ለብቻው ሳህን አምጡልኝ" በል፣ እየነከርክ ትበላለህ። "ቺን" የበሰለው ነው። "ገን" ጅማቱ ነው፤ ረጅም ሰዓት በስሎ እንደ ቅልጥም ይለሰልሳል። "ሳክ" የሚሉት ሽንፍላ ነው። ቃሉ በነሱ ቋንቋ መጽሐፍ ማለትም ነው፣ እንደ መጽሐፍ ገጽ ስለሚገለጥ። አጥበው አጥበው ነጭ አድርገውታል። ሽንፍላ አጥቦ የሚያውቅ ሰው ያን ንጣት ሲያይ ኮፍያውን ያነሳል።

ቤዛ_ሲያትል
እኛም ጋ እንዲሁ ነው። ጃክሰን ጎዳና ላይ ትንሿ ሳይጎን አለች። እዚያ በ1982 የተከፈተው ፎ ባክ ጀልባ የምትመስል ቤት ውስጥ ነበር የጀመረው። የኛ የቼሪ ጎዳና ምግብ ቤቶች ሩቅ አይደሉም። ቅዳሜ ፎ፣ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ጥብስ።

ምሕረት_እናት
ሰብለ፣ እናትሽ ከቤት መውጣት ካቃታቸው እቤትም ይሠራል። እኔ በጾም ለልጆቼ የምሠራውን ልንገርሽ። ሁለት ሽንኩርትና አንድ የእጅ ያህል ዝንጅብል ምድጃው ላይ አጥቁሪ። አራት ሊትር ውሃ ጣጂ። ነጩን ትልቅ ራዲሽ፣ ሦስት ካሮት፣ ሩብ ጥቅል ጎመን፣ አንድ እፍኝ ደረቅ እንጉዳይ ክተቺ። አንድ እንጨት ቀረፋ፣ ሦስት ቅርንፉድ፣ አራት ያቺን ኮከብ። አንድ ሰዓት ያህል በቀስታ፣ ከዚያ አጥልዪው። ጨውና ትንሽ የአኩሪ አተር ሶስ ይበቃዋል። ኑድሉ የሩዝ ይሁን፤ እንቁላል የለበትም። የስንዴው ቢጫ ኑድል ግን ብዙ ጊዜ እንቁላል አለው። የሩዙን ግማሽ ሰዓት ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ መጨረሻ ላይ የፈላ ውሃ አሳዪው። ራዲሹን አትተዪ፣ ጣፋጩን የሚያመጣው እሱ ነው።

ሰብለ_አርሊንግተን
ተመልሻለሁ። ማክሰኞ ከቀኑ 7 ተኩል ላይ ኤደን ሴንተር ሄድን። ትንሽ ቤት ናት፣ ዐሥራ ሁለት ጠረጴዛ ያህል። ደረጃ የለም። ስንቀመጥ ሳንጠይቅ ትኩስ ሻይ መጣ። እማዬ "ስንት ነው?" አለች። ነጻ ነው ስላት ወዲያው ለቤቱ ፊቷ ተፈታ።

እንደመከራችሁኝ "ፎ ቻይ" አልኩ። መረቁንም ጠየቅኩ። አስተናጋጇ በዕድሜ ገፋ ያሉ ሴት ናቸው። እማዬን አዩ፣ ነጠላዋን አዩ፣ "እናትሽ ሥጋ አትበላም?" አሉኝ። የጾም ወር ነው አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ ኩሽና ገብተው ሁለት ድስት እንዳላቸው፣ የቻዩ ማንኪያ እንኳን ለብቻው እንደሆነ ነገሩኝ።

እማዬ ቾፕስቲኩን በእጇ አገላብጣ አየችውና አስቀመጠችው። ነጠላዋን ጭኗ ላይ አነጠፈች። መጀመሪያ መረቁን ቀመሰች፤ ማንም ሳይነግራት። ዝም አለች። ሦስተኛው ማንኪያ ላይ "የተደከመበት ነው" አለች። እማዬ ይህን ቃል ለሰው ወጥ ስትናገር የሰማኋት በሕይወቴ ሁለት ጊዜ ነው። ቀስ በቀስ ላብ አላባት፣ አፍንጫዋ ተከፈተ። የበሶብላውን ቅጠል አሽታ "ይሄስ የኛ ነው" ብላ ሁሉንም በጠሰችው።

ኑድሉን አልጨረሰችም። "ለስለስ ያለ ነው፣ ግን አያጠግብም" አለች። የተረፈውን መረቅ አስቋጠረች። ማታ ላይ ከሥራ ደውዬ ምን በላሽ ብላት ደረቅ እንጀራ ፈትፍታበት በልታዋለች። የፎ ፍትፍት። "ቃሪያ ጨምሬበት ምን የመሰለ ሆነ መሰለሽ" አለችኝ። ሌሊቱን ሳታስል አደረች።

ቡናም ጠጣች። ከጣሳ ወተት ጋር ነው የሚያመጡት፣ ስለዚህ ጥቁሩን አዘዝን። ብርጭቆው ላይ በተቀመጠች ትንሽ ማጣሪያ ጠብ ጠብ ሲል ታየዋለች። "ጎበዝ ናቸው፣ አይቸኩሉም" አለች። ጣዕሙ ግን መረራት። የነሱ ቡና አብዛኛው ሮቡስታ ስለሆነ ጠንካራ ነው፤ ይርጋጨፌ ለለመደች ሴት ይከብዳል። ሁለታችን ከነቲፑ 40 ዶላር አልሞላም። ብሩን አልመነዘረችም፣ ወይም መንዝራ ዝም አለች።

ሃና_ዘ_አሌክሳንድሪያ
እልልል! ሁለት ድስት ያለው ቤት! ስሙን በውስጥ መስመር ላኪልኝ።

ምሕረት_እናት
የፎ ፍትፍት ዛሬውኑ እሞክራለሁ። ልጆቼ እንጀራ አንበላም ይሉኛል፣ ምናልባት በዚህ ይገቡልኝ ይሆናል።

ጋሽ_ተስፋ
"የተደከመበት ነው"። እናትሽ የምግብ ሰው ናቸው። የገና ማግስት ፎ 75 ብትወስጃቸው እኔም እመጣለሁ። ያ አብሮኝ ሳህን ያጠበው ሰው አሁንም እዚሁ አካባቢ ነው፣ ጡረታ ወጥቷል። እጠራዋለሁ።

ሰብለ_አርሊንግተን
ጋሼ፣ ነገርኳት። "ጥሬውን ለብቻ ሳህን የሚያመጡበት ቤት ነው አይደል?" አለች። ለካ ከጀርባዬ ሆና ይህን ሁሉ ስታነብ ነበር። ማግስቱ ከቀኑ 6 ሰዓት፣ ስድስት ሰው። ዮናስ፣ አንተም ና፣ መኪና ስላለህ ጋሼን አምጣቸው።

ዮናስ_ሌሊት_ሾፌር
አለሁ። ካሽ ያዙ።